ግራ ሲገባን

በቺሊ ደቡብ ጫፍ፣ ቺሎኤ ደሴት ላይ፣
ዝናብ የቤት ልጅ ነው፤ እንግዳዋ ፀሐይ።
ቤቶቹ በእንጨት እግር ውሃ ውስጥ ቆመዋል፣
ባሕሩ ሲሸሽ ጊዜ ጉልበታቸው ይታያል።
ሃያ አንድ ልጆች ናቸው፣ ሦስተኛ ክፍል፤
ጃኬታቸው ከምድጃው ጎን ተሰቅሎ ይተናል፤
የእርጥብ ሱፍ ሽታ ከጠመኔው ጋር ይጣላል።

ያሚሌት ዘግይታ፣ ፊቷን አጥቁራ ገባች፤
«መምህርት፣ ዛሬ ፈተና አልፈተንም» አለች።
«ለምን?»
«ቹካኦ በግራዬ ዘፈነች።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም አልሳቀም።
ቹካኦን የማያውቅ እዚያ አገር የለም፤
ደረቷ ቀይ፣ ጅራቷ ሽቅብ፣ ቁመቷ ከጡጫ የማይበልጥ፣
ድምፅዋ ግን ጥሻውን አልፎ አጥንት የሚያናውጥ።
በቀኝ ከዘፈነች መንገድህ ይቃናል፣
በግራ ከሆነ፣ ብልህ ሰው ይመለሳል፤
አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጁ፣ እንዲህ ብሎ ያወርሳል።

መምህርት ክሎሪንዳም የዚያው ደሴት ልጅ ነች፤
እሷም በልጅነቷ «በቀኝ አውለኝ» ያለች፣
ወፏን ሰምታ ስንቴ ከመንገድ የተመለሰች።
«ውሸት ነው» ብትላቸው ይቀላት ነበር፤
ግን አንዱን «እመኑኝ» በሌላ «እመኑኝ» መሻር፣
በሬውን ሳይፈቱ ቀንበር መቀየር።

ጠመኔዋን አስቀመጠች፣ ወደ ልጅቷ ተጠጋች፤
«ወፏ የት ነበረች?»
«ድልድዩ አጠገብ፣ ከቀርከሃው ውስጥ።»
«ማታ ወደ ቤትሽ በዚያው ስትመለሺ፣
ወፏ ካልተነሳች፣ በየት በኩል ትሰሚያታለሽ?»

ልጅቷ ተነሳች። ዞረች። ግራ እጇን አየች፤
እንደገና ዞረች፣ ቀኝ እጇን አየች፤
«በቀኝ…» አለች። ከዚያም ተቀመጠች።
ያን ጊዜ መላው ክፍል ቆሞ ይሽከረከር ጀመር፣
ክንዱን ዘርግቶ፣ ወንበር ከወንበር ሲያጋጭ፣ ሲደናበር፤
ዋና መምህሩ በመስኮት አይቶ ጭፈራ መስሎት ነበር።

«ግራ ገባኝ» አለ ባልዶሜሮ ግንባሩን እያሻሸ።
«ጎሽ» አለች መምህርቷ፤ «እንግዲህ ትምህርት ተጀመረ።»

ሰማያዊ ደብተር በምስማር ተሰቀለ፤
ወፏ በየት ዘፈነች? ቀኑስ እንዴት ዋለ?
ጥርሱ የወለቀ፣ ቁልፍ የጠፋበት፣ እናቱ ከሆስፒታል የወጣች፤
ባልዶሜሮ በቀኝ ሰምቶ፣ ብስክሌቱ ጉድጓድ ገባች፤
ያሚሌት በግራ ሰምታ፣ ድመቷ አምስት ወለደች።
«ድመት መውለድ መልካም ነው ክፉ?» ብለው ሙሉ ሰኞ ተከራከሩ፤
«ለአባቴ ክፉ፣ ለእኔ መልካም» ስትል፣ ሦስተኛ ዐምድ ጨመሩ።
«ወፍ ያልሰማንበት ቀንስ?» አለ አንዱ፤ አራተኛም አሰመሩ።

ኤራስሞ ብቻ አልጻፈም።
ከመስኮቱ ሥር፣ እጁን ከብብቱ፣ ቃል አይተነፍስም።
ለምን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም፤
ባለፈው ክረምት የአባቱ ጀልባ ወጥታ አልተመለሰችም።

መምህርቷ በዝምታ ታልፈው ነበር፣ እንዳይነካ ቁስሉ፤
እሱ ግን አንድ ሐሙስ ተነሳ፣ ሲጽፉ ሁሉ።
«እስከ ወደቡ ሸኘሁት» አለ። «ወፏ ዘፈነች። አባቴ ሳቀ።
በቀኝ ነበረች።
በቀኝ።»

ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ተሰነጠቀ።
መምህርት ክሎሪንዳ አፏን ከፈተች፤ የሚሆን ቃል ራቀ።
«ካልፈለግህ መጻፍ የለብህም» አለችው፣ ዝቅ ብላ።
ጥቂት አሰበ፤
«ከተውነውማ፣ መምህርት፣ ደብተሩ ይዋሻላ።»

ጻፈ። ፊደሉ ትልልቅ፣ ከመስመር የወጣ።
ያሚሌት እርሳሱ ሲዶለዱም፣ የራሷን ሰጠችው ቀርጻ።

ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ መምህርቷ በድልድዩ አለፈች፤
ከቀርከሃው ውስጥ ቹካኦ ዘፈነች።
በግራ።
እግሯ ቆመ። አርባ ሦስት ዓመት የለመደ እግር፣ እሷን አላማከረም።
በራሷ ሳቀች፤ ግን ወዲያው አልተራመደችም።
ነገ ይህንንም ለልጆቹ መንገር ይኖርባታል፤
«አላምንም እያልኩ ቆምኩ» የሚል፣ አምስተኛ ዐምድ ያስፈልጋል።